የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፦ የሰንጠረዥ ወረራና ጦር የማሰናዳት ጥበብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ከቤተ መዛግብት ሳይሆን ከቤቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምኖረው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ነው። ባለፈው ክረምት ውጭ አገር ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ እኛ ዘንድ መጥቶ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነበር። ከሻንጣዎቹ አንዱ የያዘው ልብስ ሳይሆን በስፖንጅ የተጠቀለሉ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ፣ በእጅ ቀለም የተቀቡ የፕላስቲክ ወታደሮች ነበሩ፤ ጦር የያዙ እግረኞች፣ ጋሻ ጃግሬዎች፣ ፈረሰኞች፣ ክንፍ ያለው አውሬና አንድ ጢማም አስማተኛ። ልጁ ግን ከወታደሮቹ ይልቅ አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ አንድ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ የየጦር ክፍሉ ስም፣ የሰው ብዛት፣ የመሣሪያ ዓይነትና የነጥብ ዋጋ በአምድ በአምድ ሰፍሯል፤ ከግርጌው 2000 የሚል ድምር አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰርዝና ሲደልዝ አየሁት። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «አጎቴ፣ ለውድድር የማስገባው የጦር ዝርዝር ነው» አለኝ። እኔም ወረቀቱን ተመልክቼ «እንግዲያስ ሰንጠረዥ ሠርተሃል ማለት ነዋ» አልኩት።

ቃሉን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት። እናንተ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ «ሰንጠረዥ 1፣ ሰንጠረዥ 2» እያላችሁ ቁጥር ስትደረድሩ የምትጽፉት የአንድ የጦርነት ጨዋታ ስም ነው። በጥንታዊት ሕንድ ቻቱራንጋ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ «አራት ክፍል ያለው» ሲሆን፣ አራቱም የሠራዊት ክፍሎች ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ነበሩ። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሻትራንጅ አሉት፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። ጨዋታው ከአገሩ ሲጠፋ የሰሌዳው መልክ፣ ማለትም በመስመር የተከፋፈለው ገበታ፣ ስሙን ይዞ በቢሮና በመማሪያ ክፍል ቀረ። ዘመናዊውን ጨዋታ ዛሬ ቼስ እንለዋለን።

ዛሬ የማነሣው ነጥብ አንድ ነው። የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን የደከመበት ሥራ፣ ከውጊያ በፊት ጦርን ማሰናዳትና መፈተን፣ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱ ስምና የራሱ ሥርዓት ነበረው። ስሙም ወረራ ይባላል። ስለ ወረራ የሕጉን ጠርዝ እናውቃለን፤ ብልሃቱን ግን አላወቅነውም። እንዴት እንደጠፋብን፣ በከፊል እንኳ መልሶ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ነው የምናገረው።

አስቀድሜ የልጁን ጨዋታ ላስረዳ፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁት አታውቁ ይሆናልና። ምናባዊው የጠረጴዛ ጦርነት ምንም እንኳ አስማተኛና ክንፋም አውሬ ቢበዛበትም የዘር ሐረጉ ከጦር ትምህርት ቤት ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትዝ የተባለ ፕሩሲያዊ ለንጉሥ ፍሪድሪሕ ቪልሄልም 3ኛ በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ አበረከተ፤ መኮንን የነበረው ልጁ አሻሽሎ በ1824 ለጦር አዛዦች አቀረበው፤ መኮንኖችም ይሠለጥኑበት ጀመር። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚካሄድ ጦርነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1971 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ቼይንሜል የተባለ የሕግ መጽሐፍ የመካከለኛውን ዘመን ውጊያ ከተረት ፍጥረታት ጋር አዋሐደ። በ1983 ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዋርሃመርን አወጣ። የልጁ ወታደሮች የዚህ የመጨረሻው ዘር ናቸው።

የጨዋታው ውል እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የጦር ክፍል በነጥብ ዋጋ ተቆርጦለታል፤ ተጫዋቹ የተወሰነ ነጥብ፣ ብዙውን ጊዜ 2000፣ ተሰጥቶት የፈለገውን ይገዛበታል። ገደብም አለበት። ለምሳሌ በ2010 በወጣው የዋርሃመር 8ኛ እትም ከነጥቡ ቢያንስ ሩቡ ለተራው መደበኛ ጦር መዋል ነበረበት፤ ሰው ሁሉ ዘንዶና ጀግና ብቻ ይዞ እንዳይመጣ። ዝርዝሩ ለውድድሩ አዘጋጆች አስቀድሞ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያሰናዳ ሰው የሚዋጋው ገና ከማያውቀው ባላጋራ ጋር ነው። ፈረሰኛ ይበዛበት ይሆን? ቀስተኛ? አስማተኛ? ለሁሉም የሚሆን ጦር ለማንም አይሆንም፤ ለአንዱ ብቻ የተዘጋጀ ደግሞ በሌላው ይጠቃል። ከዚህ የተነሣ ጎበዝ ተጫዋች ዝርዝሩን ይፈትናል፤ ከጓደኞቹ ጋር ደጋግሞ ይጫወታል፣ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ ውጤቱን ይመዘግባል። ዳይስ ስላለበት አንድ ጊዜ ማሸነፍ ዝርዝሩ ጥሩ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ዕድል ሊሆን ይችላል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያስረዳኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከአንዳንድ የጥናት ንድፈ ሐሳቦቻችሁ ይልቅ ስለ ተለዋዋጮች ጥንቃቄ ያለው አነጋገር ሰማሁ። (ሳቅ)

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ።

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የኖረ ጨዋታ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጠቅሷል። ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ ሲመጣ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ወዳጅ ሆነው አገኛቸው። በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል የሆነው ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የጨዋታውን ሕግ አስፍሯል። ማርሴል ኮኸን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ጻፈ፤ ኤች. ጄ. አር. መሪ በ1913 ባሳተመው ታላቅ የቼስ ታሪክ ውስጥ አካተተው፤ በመጨረሻም ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስበው አንድ ጥሩ ጽሑፍ አወጡ። ከፓንክረስት ወዲህ ብዙ አልጨመርንም። ይህን የምለው ለወቀሳ ነው፤ ከወቀሳውም እኔ ራሴ አልወጣም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሰሌዳው ዘወትር ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ተከፋፍለው 64 ይሆናሉ፤ ጥቁርና ነጭ ተቀያያሪ ቀለም የለውም። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው። ደር እንደ ዛሬው ቤተ ግንብ ቀጥ ብሎ እስከ ፈለገው ይሄዳል፤ ፈረስ ዛሬ እንደምናውቀው ይዘላል፤ ንጉሥ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይራመዳል። ሌሎቹ ደካሞች ናቸው። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት ባለችበት ይቆማል፤ ነገር ግን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል፣ ማለትም ዝሆን፣ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል፤ መሃል ያለውን አይነካም። መደቅ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል እንጂ መጀመሪያ ላይም ቢሆን ሁለት አይራመድም። ሁለቱ ነገሥታት እያንዳንዳቸው ከሰሌዳው እኩሌታ በራሳቸው ቀኝ በኩል ስለሚቆሙ ፊት ለፊት አይተያዩም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ከዐረቡ ሻትራንጅ ብዙም አይለይም። የኛን የሚለየው አጀማመሩ ነው። በቼስ ነጭ ይጀምራል፣ ጥቁር ይከተላል፣ ተራ በተራ ነው። በሰንጠረዥ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። ተራ የለም። እያንዳንዱ የቻለውን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳል፣ የፈለገውን አሰላለፍ ያበጃል፣ ያልወደደውን መልሶ በሌላ ይተካል። ፕላውደን እንደሚለው ጎበዝ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እጅ በጥሞና እየተከታተሉ የራሳቸውን እንቅስቃሴ ይሽሩና ያሻሽሉ ነበር። ይህ ሁሉ የሚቆየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። አንድ ጠጠር ከተበላ ወረራው ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው፤ የተሰለፈው ጦር እንደተሰለፈ ይዋጋል።

እንግዲህ ከልጁ ዝርዝር ጋር አነጻጽሩት። እሱ ጦሩን የሚያሰናዳው ባላጋራውን ሳያይ ነው፤ የሰንጠረዥ ተጫዋች ባላጋራውን እያየ። የእሱ ዝርዝር የሚዘጋው አዘጋጆቹ በቆረጡት ቀን ነው፤ የሰንጠረዡ የሚዘጋው ከሁለቱ አንዱ በቃኝ ሲል ነው። ይህ ሁለተኛው ልዩነት ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደ መሆኑን ያወቅሁት በንባብ አይደለም። ተጫውቼ ነው።

ቤት ውስጥ ቀይ ጨርቅ ነበረኝ፤ ከየት እንደመጣ እነግራችኋለሁ። የዘመናዊ ቼስ ጠጠሮችን እንደ ሰንጠረዥ ሕግ ለማንቀሳቀስ ተስማማንና የእህቴ ልጅና እኔ ተቀመጥን። ጥናት አልለውም፤ አጎትና የእህት ልጅ ቡና እስኪፈላ የተጫወቱት ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ እኔ እንደ ታሪክ መምህር ተጫወትኩት፤ መደቆቼን በእርጋታ እያስወጣሁ፣ ፈርዜን ከፊት እያቆምኩ፣ ያማረ ሰልፍ እየሠራሁ። እሱ አንድ ፈረስ ብቻ አነሣ። ከመነሻው ረድፍ የተነሣ ፈረስ በሦስተኛው ዝላዩ የባላጋራውን መደቅ ሊበላ ይችላል፤ ቁጠሩት። በላ። ፈረሱን ወዲያው ብበላበትም ወረራው ተዘግቷል፤ ጦሬ ግን ግማሹ ገና አልተሰለፈም። «አጎቴ፣ ዝርዝርህ በጣም ውድ ነበር፤ ጊዜ አልቆጠርክም» አለኝ።

ጊዜ አልቆጠርክም። በነጥብ ጨዋታ ገንዘቡ ነጥብ ነው፤ በወረራ ገንዘቡ እርምጃ ነው። ሰባት እርምጃ የሚፈልግ ሰልፍ ከአምስት እርምጃ ሰልፍ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ባላጋራህ ግን በአምስተኛው እርምጃ ሊዘጋብህ ይችላል። ስለዚህ ሰልፍህ በየትኛውም እርምጃ ቢቋረጥ የሚዋጋ መሆን አለበት፤ ሲያልቅ ብቻ የሚያምር ሰልፍ የሞኝ ሰልፍ ነው። ፈጥኖ የተዘጋጀው መዝጋት ይፈልጋል፤ የዘገየው ግንኙነት እንዳይፈጠር መደቆቹን ከመስመር ወደ ኋላ ይይዛል። ሁለቱም ወገን መደቁን ከሦስተኛው ረድፍ ካላሳለፈ መደቅ ከመደቅ አይነካካም፤ ያን ጊዜ ዘራፊው ፈረስ ብቻ ነው የሚያሰጋው። ሁለተኛውን ጨዋታ በዚህ አኳኋን ተጫወትን፤ ሁለታችንም አድፍጠን፣ እያየን፣ እየመለስን። ልጁ መጀመሪያ «ይህ የእጅ ፍጥነት ውድድር ነው» ብሎ አጣጥሎት ነበር። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ግን እጁን ከሰሌዳው አንሥቶ የኔን እጅ ሲመለከት አገኘሁት፤ የቸኮለ ሰው ሰልፉን ቀድሞ ይገልጣልና መዘግየትም የራሱ ጥቅም እንዳለው ገብቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ልምጣ። ግኝት ማለቴን ታገሡኝ፤ ምናልባት ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ይሆናል።

በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም ነበር። በምን እንዳሸነፍክ ይታያል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መውጫ ማሳጣት እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ በፈርዝ፣ በፊልና በመደቅ፣ ማለት በደካሞቹ፣ ማሸነፍ ግን ይደነቃል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንደ መኳንንት ጌጥ፣ እንደ ጨዋነት ማሳያ አድርጌ አልፈው ነበር። የዛሬ ውድድሮችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ ወታደሮቹን አሳምሮ ለቀባ፣ በጨዋነት ለተጫወተ ነጥብ የሚሰጡ ውድድሮች አሉ። ይህ ከዚያ ጋር የሚመደብ መስሎኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን የዝርዝር ሰሪ ልማድ አለው፤ አንድን የጦር ክፍል ከመግዛቱ በፊት የት የት ሊደርስ እንደሚችል ይለካል። ወረቀት አምጥቶ የፊልን ቤቶች አንድ በአንድ ጠቆረ። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል መነሻውን ጨምሮ ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። አራቱ ፊሎች አንዱ የሌላውን ቤት አይጋሩም፤ ስለዚህ ፊል ፊልን ፈጽሞ አይበላም፤ የሰሌዳው እኩሌታም፣ 32 ቤት፣ የፊል እግር አያውቀውም። ከዚህም በላይ ፊል በእያንዳንዱ ዝላይ ሁለት ረድፍ ስለሚያልፍ የባላጋራዬ ፊሎች ከእኔ በኩል ሲቆጠር በስምንተኛው፣ በስድስተኛው፣ በአራተኛውና በሁለተኛው ረድፍ ላይ ብቻ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ በፍጹም አይቆሙም፤ ሊመቱትም አይችሉም። በሌላ አነጋገር ንጉሤ ከመነሻ ረድፉ እስካልወጣ ድረስ በፊል ሊመታ አይችልም።

ይህን ስንጽፍ ሁለታችንም ዝም አልን። በፊል ማሸነፍ ለምን ይደነቅ እንደነበር በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። በፊል የመጨረሻውን ምት ለመምታት መጀመሪያ ንጉሡን ከዙፋኑ ረድፍ ማስነሣት ግድ ነው፤ ያውም ፊሉ ሊደርስበት ወደሚችል አንድ የተወሰነ ቤት። ደርና ፈረስ ያሳድዱታል፣ መደቅ መንገድ ይዘጋል፣ ፈርዝ ያጣብቃል፣ ፊል ደግሞ በቦታው ሆኖ ይጠብቃል። ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከወረራው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፊል ዘገምተኛ ነው፣ ቤቱም ጥቂት ነው፤ በወረራ ጊዜ በትክክለኛው ቤት ካላስቀመጥከው በኋላ ለማድረስ ትቸገራለህ። እንግዲህ ጌጥ ይመስለኝ የነበረው የክብር ሕግ የሰልፉን አሠራር የሚወስን ሕግ ሊሆን ይችላል። የተከበረ ድል የሚፈልግ ተጫዋች ከወረራው ጀምሮ ፊሎቹን ይቆጥባል፤ የሚከላከለውም ንጉሡን ከመጀመሪያው ረድፍ ላለማውጣት ይሰለፋል። የሰሌዳው ሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ ተጫዋቾቹ በልባቸው እንዲህ አስበው ነበር የሚለው የእኔ ግምት ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙልኝ።

ከዚህ ቦታ ላይ አንድ ፈተና ያገኘኛል፤ እናንተንም እንደሚያገኛችሁ አውቃለሁ። ፈተናው ዐድዋ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ተብሎ ሊነገር ይችላል፦ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት አወጁ፤ ጦሩ ከየግዛቱ እየተነሣ መንገድ ላይ ተሰባሰበ፤ አሰላለፉ በጉዞ ላይ ባላጋራን እያዩ የሚበጅ ነበር፤ ማዕረጎቻችንም ራሳቸው የሰልፍ ቦታዎች ናቸው፣ ፊታውራሪ ፊት፣ ቀኝ አዝማች ቀኝ፣ ግራ አዝማች ግራ። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ከራስ መኰንን ትእዛዝ ቀድመው ውጊያ ጀመሩ ይባላል፤ እነሆ የመጀመሪያው ጠጠር ተበላ፣ ወረራው ተዘጋ! ያማረ ታሪክ ነው። ከዚህ መድረክ ላይ ብናገረው ታጨበጭቡልኝ ነበር።

ነገር ግን አንድም የጽሑፍ ማስረጃ የለኝም፤ የጦር አበጋዞቹ ሰንጠረዥን እንደ ጦር ትምህርት ይቆጥሩ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ አላየሁም። ማዕረጎቹ ከጨዋታው አልመጡም፤ ጨዋታውም ከማዕረጎቹ አልመጣም፤ ጠጠሮቹ ፈርዝና ፊል እየተባሉ የሚጠሩት በዐረብኛና በፋርስኛ ስማቸው ነው። ይልቁንም ለወረራ የቀረበ ዘመድ ያለው በሌላ አቅጣጫ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የነበሩት እንደ አል-ዓድሊና አስ-ሱሊ ያሉ የሻትራንጅ ሊቃውንት ታዕቢያ የሚሏቸው የተዘጋጁ ሰልፎች ነበሯቸው፤ ቃሉ በዐረብኛ የጦር አሰላለፍ ማለት ነው። ጨዋታው ቀርፋፋ ስለነበር ተጫዋቹ መጀመሪያ አንዱን የታወቀ ታዕቢያ ይሠራል፣ ከዚያ ይዋጋል። የኛ ወረራ ከዚህ ልማድ ጋር አንድ ሥር ሊኖረው ይችላል፤ ተራውን ጨርሶ ማስቀረቱ ግን የኛ መለያ ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የባግዳዶቹ ሰልፋቸውን ስም ሰጥተው በመጽሐፍ አሰፈሩት። አስ-ሱሊ ካረፈ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ የታዕቢያ ሥዕል አይተን መጫወት እንችላለን። የሰንጠረዥ ወረራ ግን ባነበብኳቸው ምንጮች ሁሉ ውስጥ አንድም የተመዘገበ ሰልፍ የለውም። ሶልት አየ፣ ፕላውደን ሕጉን ጻፈ፣ ፓንክረስት ሰበሰቡ፤ ጎበዝ ተጫዋች መደቆቹን የት ያቆም እንደነበር፣ ፊሎቹን በስንተኛው እርምጃ ያወጣ እንደነበር፣ ፈጥኖ የሚዘጋውን ሰው በምን ይመክተው እንደነበር የጻፈ የለም። እነዚህ ነገሮች በእጅ የሚታወቁ ነበሩ። እጆቹ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እያነሱ፣ እያረጁ ሄዱ። የጨዋታው መክፈቻና የጠላት መግባት በአንድ ቃል መጠራታቸውን ስታስቡት ያስገርማል፤ አንዱ ወረራ ሌላውን አስረሳው።

አሁን ስለ ቀዩ ጨርቅ።

ጨርቁ የአያቴ ነው። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ በልጅነታቸው በአንድ ባላባት ቤት አድገዋል። በ1979 ዓ.ም. እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ለፈተና ስዘጋጅ አዲስ አበባ ለሕክምና መጥተው እኛ ቤት ተኝተው ነበር። አንድ ማታ ይህን ጨርቅ ከጓዛቸው አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉት፤ ባቄላና ሽምብራ አምጣ አሉኝ፤ ደረደሩት። «ወረራ ላሳይህ» አሉ። እኔ ቼስ በትምህርት ቤት ክበብ ተምሬ ነበር፤ ተራ የሌለው ጨዋታ ሰምቼ አላውቅም። «አባባ፣ እንዲህ አይጫወቱትም፤ ነጭ ነው የሚጀምረው» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ባቄላዎቹን በሁለት እጃቸው እየገፉ በፍጥነት አንድ ሰልፍ ሠሩ፤ ቆሙ፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ሁለት ባቄላ መልሰው በሌላ ቦታ አኖሩ። «አሁን ያንተን» አሉኝ። እኔ የፊዚክስ ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። በማግሥቱ ደግመው አልጠየቁኝም፤ በዓመቱ ዐረፉ።

እነዚያን ሁለት ባቄላዎች የት እንደመለሷቸው አላስታውስም። ሠላሳ ዓመት ያህል የታሪክ ምንጭ አጠቃቀም ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ፕላውደን የጻፈውን ነገር፣ ጎበዝ ተጫዋች ሰልፉን ሲሽርና ሲያሻሽል፣ በዓይኔ ያየሁ ምስክር እኔው ነኝ፤ ምስክርነቴ ግን ባዶ ነው። የሰልፉ ቅርጽ በግምት ይታየኛል፤ መሃሉ ወደ ውስጥ የገባ፣ ጫፎቹ የወጡ፣ እንደ ማጭድ ያለ። ይህን እንኳ እንደ ማስረጃ አትውሰዱት፤ የልጅነት ትውስታ በኋላ ባነበብነው ነገር ይሞላል።

ከእህቴ ልጅ ጋር ያን የማጭድ ሰልፍ ለመገንባት ሞከርን። እሱ እንደ ልማዱ በደብተር መዘገበ፦ ስንት እርምጃ ፈጀ፣ በየትኛው እርምጃ ቢዘጋ ምን ይጎድላል፣ ፊሎቹ የት ናቸው። የእኔ ትውስታ እንደሚለው ብንሠራው መሃሉ ሁለት መደቅ ያለ ጠባቂ ያስቀራል፤ ልጁ በፈረስ ደጋግሞ ዘረፈኝ። አንድ መደቅ ወደ ኋላ ሲቀር ግን ሰልፉ ይቆማል፤ ፈረሱ ቢበላም ወዲያው ይበላበታል፣ ፊሉም በሁለተኛው ዝላይ የመሃሉን ይጠብቃል። አያቴ የመለሷቸው ባቄላዎች እነዚህ ይሆኑ? ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የዘመናዊ ውድድር ሰው ዝርዝሩን እንደሚፈትን የጠፋን ሰልፍ በመፈተን ልናውቅ የምንችለው የማይቻለውን ነው፤ የትኛው አሰላለፍ ሊቆም እንደማይችል ይነግረናል፤ ከሚቆሙት ውስጥ የትኛው የአያቴ እንደነበር አይነግረንም። ለዚያ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ በተለይ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ይህን እጠይቃለሁ። ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ጎንደርም ሆነ መንዝ፣ እንደርታም ሆነ ጎጃም፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አባቶችና እናቶች ካሉ ሕጉን አትጠይቋቸው፤ ሕጉን ከመጽሐፍ እናገኘዋለን። ባቄላና ሽምብራ አቅርቡላቸውና «ወረራ ያሳዩኝ» በሏቸው። እጃቸውን በስልካችሁ በፈቃዳቸው ቅረጹ። የሚሉትን ብቻ ሳይሆን የሚመልሱትን ጠጠር አስተውሉ። ምናልባት አንድም ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ጊዜው ገፍቷል።

የእህቴ ልጅ ከሄደ በኋላ በመልእክት አንድ ነገር ጻፈልኝ። ከጓደኞቹ ጋር በራሱ ፕላስቲክ ወታደሮች ወረራን ሞክረውታል፤ ዝርዝር ሳያስገቡ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ከሻንጣ እያወጡ፣ የመጀመሪያው ወታደር እስኪወድቅ ድረስ። ግማሾቹ ወደዱት፤ ግማሾቹ ተጣሉ። (ሳቅ) የተጣሉበት ምክንያት ደስ አሰኝቶኛል፦ አንደኛው እጁን ከወታደሩ ሳያነሣ ሌላው «ተበላ» አለ። ያን ጊዜ በእኛ መኳንንት ቤት ይህን ክርክር ማን ይዳኝ እንደነበርም አላውቅም።

ቀዩ ጨርቅ ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ባቄላና ሽምብራም አለ። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ጠይቁ፤ መጫወት የምትፈልጉ ወደዚያ ሂዱ።